«ማጥፋት» ስለሚለው ቃል የተሰጠ ቃል

ቃል ሰጪ፦ ምስክር
ስም፦ በተያያዘው የመታወቂያ ቅጂ ላይ ተመልክቷል፤ በሥራ ቦታው «ጋሽ ፊውዝ» ተብሎ ይጠራል
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ በጠፉ ሰዎች አፈላላጊ ማዕከል የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያ
አድራሻ፦ ከቀለም ፋብሪካው ጀርባ፣ ባለ አራት ፎቁ ግራጫ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በስተግራ የመጀመሪያው በር
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20 እስከ 6፡05
ቦታ፦ ፖሊስ ጣቢያ፣ የምርመራ ክፍል ቁጥር 4

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደዚህ ጣቢያ ቀርቤ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ትናንት ረቡዕ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ጀምሮ በዚሁ ጣቢያ ኮሪደር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቃሌን የሚቀበል ሰው ስጠብቅ ቆይቼ፣ 11፡30 ሲሆን «ነገ ይምጡ» ተብዬ ተመልሻለሁ። ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ። መርማሪው ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም ብሎኝ ነበር። ይያያዛል። እኔ ወንበር ሳሞቅ በዋልኩበት ሰዓት የሥራ ባልደረባዬ ከግድግዳው ወዲያ ታስራ ነበር፤ የሰባት ወር ልጇም በአያቱ እቅፍ ሆኖ ከአጠገቤ ያለቅስ ነበር። አያትየዋ ሕፃኑን ይዘው ወደ እናቱ የሚገቡት ሲፈቀድላቸው ብቻ ነው፤ ጡት ጠብቶ ሲጨርስ መልሰው ያወጡታል። አሁን ይህን ቃል ስሰጥም ድምፁ በበሩ ሥር ይሰማል።

መዝገብ አውድመሻል ተብላ የታሰረችው ባልደረባዬ በመሥሪያ ቤታችን «እመጫቷ» ትባላለች። ከወለደች ሰባት ወር ቢሞላትም፣ ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ የወጣላት ስም እንደተለጠፈባት ቀርቷል። እኔን «ፊውዝ» የሚሉኝ የኤሌክትሪክ ሥራ ስለማውቅ ሳይሆን ቶሎ ስለምቃጠል ነው። ዛሬም እየተቃጠልኩ ነው የምናገረው። መርማሪው «አባቴ፣ ቀስ ይበሉ፣ እጄ አልደርስብዎት አለ» ስላለኝ ቀስ ለማለት እሞክራለሁ።

የምንሠራበት ክፍል በማዕከሉ ምድር ቤት የሚገኝ፣ ርዝመቱ ስምንት እርምጃ የሆነ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። በውስጡ አንድ ትልቅ ሰርቨር፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። በሰርቨሩ ሆድ ውስጥ ስድስት ቨርቹዋል ማሽኖች ይሠራሉ። መርማሪው ቨርቹዋል ማሽን ምን እንደሆነ ስለጠየቀኝ እንደሚከተለው አስረድቻለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ተከራይ አለ እንበል። እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ቆጣሪ፣ የራሱ ዕቃ ቤት አለው፤ ጎረቤት መኖሩንም አያውቅም። ግቢው ግን አንድ ነው፤ አከራዩም አንድ ነው። ማን ስንት ክፍል እንደሚይዝ የሚወስነው፣ የሚያስገባውና የሚያስወጣው አከራዩ ነው። አከራዩ ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ከእሱ ጋር የምንነጋገረው ሥዕል እየተጫንን ሳይሆን ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፍን ነው። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የተጻፈለትን ያደርጋል፤ የማይሆንለት ከሆነም ምክንያቱን በአንድ መስመር ይናገራል።

እኔና እመጫቷ ወደ አከራዩ የምንገባው በአንድ የመግቢያ ስምና በአንድ የይለፍ ቃል ነው። በዚህም ምክንያት ማሽኑ የሚይዘው የተሰጠውን ትእዛዝና ሰዓቱን እንጂ የማን ጣት እንደጻፈው አይደለም። እንዲህ መሥራት ትክክል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለሁለት ሰው ሁለት ቁልፍ ምን ያደርጋል ብዬ የተውኩት እኔ ነኝ። መርማሪው ከማሽኑ የታተመውን ወረቀት አሳይቶኛል። ወረቀቱ ሰዓት የሚቆጥረው በፈረንጅ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሰው ወደ እኛ አቆጣጠር የተመለሰውን ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ 4፡05 ላይ «መዝገብ አንድ» የተባለው ቨርቹዋል ማሽን ደርቆ ቀረ። ይህ ማሽን የጠፉ ሰዎችን ስም፣ የጠፉበትን ቀን፣ መጨረሻ የታዩበትን ቦታና ፎቶግራፋቸውን የሚይዝ ነው። ላይኛው አዳራሽ ውስጥ አሥራ አንድ ባለጉዳይ ተሰልፎ ነበር። እመጫቷ በመጀመሪያ «ሻትዳውን» የሚለውን ጻፈች፤ ይህ ማሽኑ ዕቃውን ሰብስቦ በወጉ እንዲዘጋ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። አልመለሰላትም። ጠብቃ ደገመችው፤ አሁንም ዝም አለ። 4፡12 ላይ «ዲስትሮይ» የሚለውን ጻፈች። 4፡14 ላይ መልሳ አስነሳችው። 4፡16 ላይ ማሽኑ ሥራ ጀምሮ አሥራ አንዱም ሰው ተስተናግዷል። ይህን ሁሉ ከጀርባዋ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ።

በታተመው ወረቀት ላይ «ዲስትሮይ» ከሚለው ቃል ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። ማን እንዳሰመረው ስጠይቅ፣ የቃሉ ፍቺ በመዝገበ ቃላት ታይቶ «ማውደም» ማለት ሆኖ ስለተገኘ ነው ተባልኩ። አንዲት የምታጠባ እናት በመዝገበ ቃላት ስትታሰር ሰምቼ አላውቅም። በእኛ ሥራ ዲስትሮይ ማለት ሶኬት መንቀል ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ቴሌቪዥን ሲደርቅ ከግድግዳ ይነቀላል፣ መልሶ ይሰካል። ፈረንጆቹ ለምን እንዲህ ያለ ስም እንዳወጡለት እነሱን ጠይቁ። የወደመ ማሽን ከሁለት ደቂቃ በኋላ ተነስቶ አሥራ አንድ ሰው አያስተናግድም። ከቀዩ መስመር በታች አምስት መስመር ወርዶ ያለውን ግን ማንም አላሰመረበትም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ መርማሪው «ባልደረባዬ 4፡12 ላይ ማሽኑን አጠፋች» ብሎ ጽፎ አነበበልኝ። «አጠፋች» የሚለው እንዲሰረዝና «ነቀለች» በሚል እንዲተካ ጠይቄ ተሰርዟል፤ በስርዙ ላይ ፈርሜአለሁ።

ስለ አንድ ቃል ይህን ያህል የምቆጣው ለምን እንደሆነ ተጠይቄ እንደሚከተለው መልሻለሁ። ማክሰኞ ባልደረባዬ ስትያዝ የተጠየቀችው ጥያቄና የሰጠችው መልስ ዛሬ ተነቦልኛል። «ማሽኑን አጥፍተሻል?» ተብላ ተጠየቀች። «አዎ፣ ጠዋት አጥፍቼዋለሁ» ብላ መለሰች። ከሥሩም «ጥፋቷን አምናለች» ተብሎ ተጽፏል። ደሜ የፈላው ይህን ስሰማ ነው። በአማርኛ መብራት ይጠፋል፤ እሳት ይጠፋል፤ ጽሑፍ ይጠፋል፤ ሰው ይጠፋል፤ ልጅ ብርጭቆ ቢሰብርም አጠፋ ይባላል። እሷ የተናገረችው ስለ መጀመሪያው ነው፤ የተጻፈባት የመጨረሻው ነው። መርማሪውን «ልጄ፣ ስትተኛ መብራት ታጠፋለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አዎ» አለኝ። «እንግዲያው አምነሃል፤ ፈርም» አልኩት። መርማሪው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ መልሶ ካነሳው በኋላ ቃሌን መቀበሉን ቀጥሏል።

ከዚህ ጋር የማቀርበው አንድ ካርቶን አለ። ባልደረባዬ ከሁለት ዓመት በፊት ስትቀጠር ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ከማተሚያ ማሽን ማሸጊያ ካርቶን ቆርጬ በሰማያዊ ማርከር ትእዛዞቹን ከነትርጉማቸው ጻፍኩና ከሰርቨሩ ጎን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩላት። «ስታርት» ከሚለው አንጻር «ማስነሳት» ይላል። «ሻትዳውን» ከሚለው አንጻር «ማጥፋት» ይላል። «ዲስትሮይ» ከሚለው አንጻር «በግድ ማጥፋት» ይላል። «አንዲፋይን» ከሚለው አንጻርም «ማጥፋት» ይላል። ይህ የመጨረሻው ተከራዩን ከአከራዩ ደብተር የሚሰርዝ ትእዛዝ ነው፤ ከጎኑ አንድ ቃል ከተጨመረበት ደግሞ ዕቃውን ሁሉ አብሮ ያስወግዳል፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። ስሙ ለጆሮ ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ ቀይ መስመር አያስሰምርም።

እመጫቷ ካርቶኑን አንብባ ሳቀች። «ጋሼ፣ ሦስቱም ማጥፋት ከሆኑ፣ ሰው አጥፊው ሲለኝ የቱን ልሥራ?» አለችኝ። «ከአነጋገሩ ይገባሻል» አልኳት። «ለምን አንዱን መዝጋት፣ አንዱን መንቀል፣ አንዱን መፋቅ አንለውም? ቃል ሞልቶን እኮ ነው» አለች። እኔም «አንቺ ጥርስ ሳታበቅዪ በዚህ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አሁን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለቷ ነበር። ካርቶኑ እንዳለ ቀረ፤ እሷም ዳግመኛ አላነሳችውም። ዛሬ ጠዋት ከግድግዳው ላይ ልጬ አምጥቼዋለሁ፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። በማስረጃነት እንዲያያዝ ጠይቄአለሁ።

አሁን ወደ ዓርብ ልመለስ። ዓርብ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት በክፍል ኃላፊው ቢሮ ስብሰባ ነበር። «መዝገብ አንድ» ስላረጀ ሁሉም ነገር «መዝገብ ሁለት» ወደተባለው አዲስ ማሽን እንዲዛወር ተወስኖ ነበር፤ ስሙ፣ ቀኑና አድራሻው ሐሙስ ዕለት ተገልብጦ አልቋል። እኔ በስብሰባው መጠባበቂያ ቅጂ የምናስቀምጥበት ለብቻው የሚቆም ዲስክ እንዲሰጠን ጠየቅሁ። ስጠይቅ ሦስተኛዬ ነበር። ኃላፊው «ሲመጣ ይመጣል፤ አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» አለኝ። ቱግ አልኩ። ወንበሬን ገፍቼ ተነሳሁና በሩን ከኋላዬ ወርውሬው ወጣሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ በስብሰባው የተባለው ነገር ይህ ነው፤ ፎቶግራፎቹ ከባድ ስለሆኑ ማክሰኞ ይገለበጣሉ፤ መስኮቶቹ ወደ አዲሱ ከተዛወሩም በኋላ እስከዚያ «መዝገብ አንድ» ተዘግቶ ይቀመጣል። ለእመጫቷ ተነግሯታል፤ ለመስኮት ሠራተኞችም ተነግሯቸዋል። ለእኔ የነገረኝ የለም፤ እኔም ተመልሼ አልጠየቅሁም። ይህን የሰማሁት ትናንት ነው።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑ ስለደረቀ ኃላፊው ከዚህ በላይ አንታገሥም ብሎ፣ መስኮቶቹ ሁሉ በዚያው ዕለት ወደ «መዝገብ ሁለት» እንዲዛወሩ በስልክ አዘዘ። እሱ በዚያ ቀን ሌላ ሕንፃ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነበር። ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ ዝውውሩ አለቀ። 8፡10 ላይ እመጫቷ ልጇን ልታጠባ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ቤቷ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። የተመለሰችው 9፡00 ሰዓት ነው። የመውጫና የመግቢያ ሰዓቷ በበር ጥበቃው ደብተር በእጇ ፊርማ ይገኛል። ይህን ደብተር እስከ ዛሬ የጠየቀ ሰው እንደሌለ ጥበቃው ነግሮኛል። መዝገበ ቃላት ለማገላበጥ ጊዜ የተገኘለት ምርመራ፣ አንድ ደብተር ለመግለጥ ጊዜ አላገኘም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

8፡25 ላይ የክፍሉ ስልክ ጮኸ። ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ስልኩን አነሳሁ። ኃላፊው ነበር። ንግግራችን ቃል በቃል እንዲህ ነው።

«ሁለተኛው ሠራ?»

«ሠርቷል።»

«ተመስገን። በል እንግዲህ፣ አንደኛውን አጥፋውና እንረፍ።»

ስልኩ ተዘጋ። መርማሪው በዚህ ቦታ «ኃላፊው እንድፍቀው አዘዘኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። «እንድፍቀው» የሚለው እንዲሰረዝና «እንዳጠፋው» በሚል እንዲተካ ጠይቄ ተሰርዟል፤ በስርዙ ላይ ፈርሜአለሁ። መርማሪው «ለእርስዎ እኮ የሚጠቅምዎት የመጀመሪያው ነው» ብሎኛል። አውቃለሁ። ነገር ግን ሰውየው ያለው «አጥፋው» ነው፤ ያሰበውም ዝጋው ማለቱን ነው። በሌላ ብዙ ነገር ልጣላው እችላለሁ፤ በዚህ ቃል አልዋሽበትም።

መርማሪው እዚህ ላይ አቋርጦኝ፣ የምናገረው ነገር በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችልና ዝም የማለት መብት እንዳለኝ አስረድቶኛል። የገባኝ መሆኑን ገልጬ፣ ለዚህ ጉዳይ የአንድ ሰው ዝምታ ይበቃል ብዬ ቀጥያለሁ።

በታተመው ወረቀት ላይ፣ ከቀዩ መስመር በታች አምስት መስመር ወርዶ፣ 8፡31 ላይ «ሻትዳውን» የሚል አለ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ በዚህ ጊዜ እሺ ብሎ በወጉ ተዘጋ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ማናችንም እዚህ አንገኝም ነበር። እኔ ግን ሁለተኛው ከሠራ አንደኛው ለምን ቦታ ይይዛል ብዬ አሰብኩ። 8፡34 ላይ «አንዲፋይን» ብዬ፣ ዕቃውንም ሁሉ አብሮ የሚያስወግደውን ቃል ከጎኑ ጨምሬ ጻፍኩ። አከራዩ እምቢ አለኝ። ማሽኑ ከዚህ በፊት የተነሱ ቅጽበታዊ ቅጂዎች ስላሉት አልሰርዘውም የሚል መልስ ጻፈልኝ። ቅጽበታዊ ቅጂ ማለት ማሽኑ በአንድ ቀን የነበረበትን ሁኔታ እንዳለ የሚይዝ ነው፤ ያነሳቻቸውም እመጫቷ ነች። ነገር ግን የሚቀመጡት እዚያው ማሽን ዲስክ ውስጥ ነው፤ መለዋወጫ ቁልፍን ቤት ውስጥ ቆልፎ እንደመውጣት ነው። ሌላ ዲስክ የለመንኩትም ለዚሁ ነበር። ሰው ያላስጠነቀቀኝን ብረቱ አስጠነቀቀኝ። እኔ በብረቱም ተናደድኩ። 8፡35 ላይ እነሱንም አብረህ ሰርዝ የሚለውን ጨምሬ ጻፍኩለት። ታዘዘ። ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ወስዷል።

9፡00 ሰዓት ላይ እመጫቷ ስትመለስ «አንደኛውን አጥፍቼዋለሁ» አልኳት። «ጎሽ ጋሼ» አለችኝ። ዘጋሁት ያልኳት መስሏት ነው። እኔም የገባት መሰለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ ሁለታችን መካከል ቆሞ ነበር፤ ማናችንም አላየነውም።

ማክሰኞ ጥርሴን አሞኝ ሥራ አልገባሁም፤ ሐኪም ቤት ሄጄ አስነቅያለሁ፤ ደረሰኙ ከዚህ ጋር አለ። በዚያ ጠዋት እመጫቷ ፎቶግራፎቹን ልትገለብጥ ስትል «መዝገብ አንድ» በቦታው አልነበረም። ሮጣ ወጥታ ለኃላፊው የነገረችው እሷ ራሷ ነች። ሌባ ሌባ ብሎ የጮኸ ሰው ነው ታፍሶ የገባው። ከሰዓት በኋላ 9፡00 ሰዓት ከዚያው ክፍል ተይዛ ወጥታለች።

ረቡዕ ጠዋት 2፡30 ላይ ሥራ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ዲስክ ከነማሸጊያው ተቀምጦ አገኘሁ። ሦስት ጊዜ የለመንኩት ዲስክ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምን እንደተፈጠረ ሲነግሩኝ ወዲያው ወደ ኃላፊው ቢሮ ወጣሁና «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አሁኑኑ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ» አልኩት። ተነስቶ በሩን ዘጋው። «ተቀመጥ፤ አትቃጠል። እሷ እኮ የምታጠባ እናት ነች፤ ዳኛ ያዝንላታል፣ በማስጠንቀቂያ ትወጣለች። አንተን ግን ማን ያዝንልሃል?» አለኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ። የትናንቱን ያህል ግን አይደለም። ከቢሮው ወጥቻለሁ። በሩንም አልወረወርኩትም።

ወደዚህ ስመጣ በአዳራሹ በኩል አለፍኩ። አንዲት ሴት መስኮት ቁጥር ሁለት ፊት ቆማ ነበር። ታናሽ ወንድሟ ከጠፋ ስምንት ወር ሆኖታል። የመስኮቱ ሠራተኛ ፎቶግራፉን እንደገና እንድታመጣ ነገራት። «የለኝም» አለች። «ስልኬ ላይ ነበር፤ ስልኩ ሲሰበር እናንተ ጋ አለ ብዬ ነው የጣልኩት።» ሠራተኛው ደግሞ ጠየቃት፤ ደግማ ያንኑ መለሰች። ከአጠገቧ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜ ነበር። የተወገዱት ፎቶግራፎች ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ በሌላ ሰው እጅ እንዳለ አላውቅም። የጠፉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን መልካቸውም ጠፍቷል። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚህ ጣቢያ ኮሪደር ወንበር ላይ ስቀመጥ አያትየዋ ከአጠገቤ ነበሩ። አይተውኝ አያውቁም፤ ማን እንደሆንኩም አልነገርኳቸውም። ነጠላቸውን እስኪያስተካክሉ ሕፃኑን እቀፉልኝ አሉኝ፤ አቀፍኩት። ከባድ ልጅ ነው። እንዲህም አሉኝ፤ «ልጄን ለምን እውነቱን አትናገሪም ብላት፣ ‹እማዬ፣ ጋሼ ለጡረታ ሁለት ዓመት ነው የቀራቸው፤ እኔ ልጅ ነኝ፣ እወጣዋለሁ› አለችኝ። እኚህን ጋሼ የሚባሉትን ሰውዬ አንድ ቀን ባገኛቸው ደስ ይለኝ ነበር።» እመጫቷ ሰዓቱን ከታተመው ወረቀት ላይ ስታይ ገብቷታል ማለት ነው። ማን እንደጻፈው አውቃ፣ ለሦስት ቀን ዝም ብላለች። በእሷም ተናድጃለሁ። ማን ዝም በይ አላት? በማን ጡረታ ላይ ነው ልጇን የምታስለቅሰው? ካርቶኑን ስትከራከረኝ የነበረው አፏ የት ሄደ? ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ልጠይቃት ፈልጌ አልተፈቀደልኝም።

ሕፃኑን ለአያትየዋ ስመልስ «እኔ ነኝ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ጊዜ አንድ ፖሊስ መጥቶ «ነገ ይምጡ» አለን።

መርማሪው ይህን እስከዚህ ከጻፈ በኋላ፣ 8፡35 ላይ የተፈጸመውን ድርጊት በየትኛው ቃል እንደሚጽፈው ጠይቆኛል። «ዘጋሁ ልበል፣ ፋቅሁ ልበል? ለእሷ ‹አጠፋች› ያልኩትን እንደሆነ አሰርዘውኛል» አለ። «አጠፋሁ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ። ማሽኑን የዘጋሁትም፣ የፋቅሁትም፣ በዳዩም እኔ ስለሆንኩ፣ እዚህ ላይ አንዱ ቃል ለሦስቱም ይበቃል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይህ ቃል አይሰረዝብኝ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለዚህ ጉዳይ የሚታሰር ሰው ካስፈለገ እኔ እዚሁ አለሁ፤ የሚጠባ ልጅም የለኝም። እኔ ስገባ እሷ ትውጣ።

ከላይ የሰፈረው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጉልህ ድምፅ ተነቦልኛል። የተናገርኩት በንዴት ነው፤ ንዴቱ ግን አንድም ነገር አላስጨመረኝም፣ አላስቀነሰኝምም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በእጄ ፈርሜአለሁ።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ በዚህ ቃል ሦስት ስርዝ ይገኛል። ሁለቱ በየቦታቸው ተገልጸዋል። ሦስተኛው በራስጌው ላይ ያለው «ምስክር» የሚለው ቃል ሲሆን፣ በቃል ሰጪው በራሱ ጥያቄ ተሰርዞ «ተጠርጣሪ» በሚል ተተክቷል። በሦስቱም ላይ ፈርሟል።